ጧት ጧት የሚታመም ሞተር

ስለ አንድ አሮጌ ሞተር ቢስክሌት ለመጻፍ ብነሣ፥ አንባቢ «ዕድሜውን በመጽሐፍ ላይ ሲያጎነብስ የኖረ ሰው ከብረትና ከዘይት ጋራ ምን አገናኘው?» ሳይል አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያገናኘኝ ሌላ ነገር አይደለም፤ የማስተምርበት ስፍራ ከቤቴ መራቁና ጕልበቴ እንደ ድሮው አለመሆኑ ነው። ነገር ግን ይህ ሞተር በታመመበት ወራት አንድ በደል ሠርቻለሁ። የሞተሩን ሕመም ሳልናገር በደሌን መናገር አይቻለኝም፤ ሁለቱ እንደ ድርና ማግ የተያያዙ ናቸውና። ስለዚህ አንባቢ ጥቂት ታግሦ ከካንዴላና ከካርቡራቶር ጋራ እንዲቈይልኝ እለምናለሁ። አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ለሞተሩ ይጠቀምበታል፤ ሞተር የሌለውም ቢሆን አብሮት የሚኖር ሰው አያጣምና ለእርሱ ይጠቀምበታል።

መኖሪያዬ ደብረ ብርሃን ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ብርዷ ለማንም የታወቀ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኖ ይታያል። እኔም በዚያ ዘመን በሳምንት ሦስት ቀን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ እየወጣሁ በገጠር አስተምር ነበር። መንገዱ በእግር ሲሄዱት የግማሽ ቀን፥ በሞተር ሲሄዱት የግማሽ ሰዓት ነው።

ሞተሩ ሆንዳ ሲጂ 125 የሚባለው ነው። በ1996 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ አንድ የግብርና ሠራተኛ ገዛሁት፤ በዚያን ጊዜም ቢሆን አዲስ አልነበረም። ይህ ዐይነት ሞተር በመጀመሪያ የወጣው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1976 ነው። ሠሪዎቹ ጃፓኖች፥ በብዙ አገር የሚኖር ሰው ሞተሩን ከመጠን በላይ እንደሚጭነው፥ ዘይቱን በጊዜው እንደማይለውጥ፥ የአየሩን ፊልትሮ እንደማያጸዳ ተመልክተው፥ ይህን ሁሉ እንዲችል አድርገው አበጁት። በሌሎች ብዙ ሞተሮች የቫልቮቹን ሥራ የሚያንቀሳቅሰው ረዥም ሰንሰለት ሲሆን፥ በዚህኛው ግን ከታች ወደ ላይ የሚገፉ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ናቸው። በዛሬው ጊዜ ከቻይና ከሚመጡት ሞተሮች ብዙዎቹ የዚህኑ አሠራር የተከተሉ ስለ ሆኑ፥ የምናገረው ነገር ለእነርሱም ይሆናል።

ዘንጎቹ የሚገፉት ብረት ከቫልቩ ጫፍ ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ እጅግ ጠባብ የሆነ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ከዚህ ክፍተት የተነሣ ሞተሩ ሲሠራ እንደ ግድግዳ ሰዓት «ጠቅ ጠቅ» የሚል ቀጭን ድምፅ ያሰማል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ድምፅ በልብህ ያዝልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ኋላ ወደ እርሱ ይመለሳልና።

በቤቴም የእኅቴ ልጅ ነበረ። እናቱ በገጠር ስትኖር፥ እርሱ ከእኔ ዘንድ ሆኖ ይማር ነበር፤ ያን ጊዜ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፥ ዕድሜውም 16 ዓመት ነበር። ሞተሩን የሚያጥበው፥ ዘይቱን የሚመለከተው፥ ቤንዚኑንም የሚገዛው እርሱ ነበር። ለብረት ነገር ጆሮ ያለው ልጅ ነው። እኔ ግን ጆሮ እንዳለው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሞተሩ ታመመ። ቀድሞ በሁለት ርግጫ ይነሣ የነበረው፥ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ብረግጠው የማይነሣ ሆነ። አንዳንድ ጊዜ አንዴ ብቻ «ቱፍ» ብሎ ዝም ይላል። በስንት መከራ ከተነሣም በኋላ ይንቀጠቀጣል፥ ያስላል፥ በሚኒሞ ላይ መቆም አቅቶት ይጠፋል። ነገር ግን ዐሥር ደቂቃ ያህል በመንገድ ላይ ከሄደና ገላው ከሞቀ በኋላ፥ ምንም እንዳልነካው ሁሉ ደኅና ይሆናል። እኔም ዘዴ አበጀሁ። ከቤቴ በታች ቍልቍለት አለና፥ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ይዤ ወደ ታች እንከባለላለሁ፤ ፍጥነት ሲያገኝ ስለቀው ይነሣል። ዘዴው መድኀኒት መሰለኝ፤ ነገር ግን በሽታውን የሚሸሽግ መጋረጃ ነበር እንጂ መድኀኒት አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ቤንዚን ከማደያ እየጠፋ፥ ልጁ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጡ ሰዎች ይገዛ ነበር። ሰውም «የመንገድ ዳር ቤንዚን ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል» ይላል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ በብርድ ጊዜ ቶሎ ስለማይተን ሞተርን ለማስነሣት በእውነት ያስቸግራል፤ ከሞቀ በኋላ ግን እየጨሰም ቢሆን ይሠራል። ይህን መስማቴ ለክፉ ሆነ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተገለጠልኝ መሰለኝ፤ ልጁ የተቀላቀለውን በርካሽ እየገዛ ትርፉን ያስቀራል ብዬ ፈረድሁ። ምስክር አልጠራሁም፤ ማስረጃም አልፈለግሁም። ሐሳቡ ከሕመሙ ምልክት ጋራ ስለ ገጠመልኝ ብቻ እውነት ነው አልሁ።

አንድ ጧት አርባ ጊዜ ያህል ረግጬ ላብ ባጠመቀኝ ጊዜ፥ ጎረቤቶቼ በየደጃፋቸው ቆመው እያዩኝ፥ ልጁን ጠራሁና «ያሳደግሁህ ለዚህ ነውን? ነጭ ጋዝ እየገዛህ ገንዘቤን ትሰርቀኛለህን?» አልሁት። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፥ እኔ አልሰረቅሁም፤ ቤንዚኑን ያሽቱት፥ ይዩት» አለኝ። «ሌባ ደግሞ ምን መልስ አለው? ዝም በል!» አልሁት። ቤንዚኑንም አላሸተትሁም፤ አላየሁምም። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት አልተመለሰም። ደብተሩንና ጋቢውን ይዞ ወደ እናቱ ሄደ። እኔም «እውነት ባይሆን ኖሮ ለምን ይሸሻል?» ብዬ ፍርዴን በፍርድ ላይ ጨመርሁ።

ከዚያ በኋላ ቤንዚን ራሴ ከማደያ እየተሰለፍሁ ገዛሁ። ሕመሙ ግን እንደ ነበረ ነው። ይህ ብቻውን ዓይኔን ሊከፍተው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የፈረደ ልብ ፍርዱን የሚያፈርስበትን ነገር እያየ እንዳላየ ያልፈዋል። ወደ ሁለት ጋራዦች ወሰድሁት። አንደኛው ካንዴላውን ለወጠ፥ ፊልትሮውን አጸዳ፥ የካርቡራቶሩንም ብሎን አዟዟረ። ሁለተኛው ካርቡራቶሩን ፈትቶ አጠበ፥ ቦቢናውን ለወጠ። ሁለቱም ሥራቸውን በቅን ልብ ሠሩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በቍልቍለት አስነሥቼ፥ በከተማው ዞሬ፥ ሞተሩ ሞቆ ደኅና በሆነበት ሰዓት አደርስላቸው ነበርና። ሕመምተኛ ትኵሳቱ በለቀቀው ሰዓት ወደ ሐኪም ቢወሰድ፥ ሐኪሙ ምን ያያል?

በመጨረሻ አንድ ወዳጄ በገዛ ግቢያቸው ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መራኝ። ሞተሩን ይዤ ስደርስ አንድ ጊዜ ብቻ እጃቸውን ወደ ብረቱ አቅርበው ሙቀቱን ለኩና «የኔታ፥ ነድተውት ነው የመጡት?» አሉኝ። «አዎን» አልኋቸው። «እንግዲያስ ዛሬ አላየውም። እዚህ ይደር፤ ነገ ፀሓይ ሳይነካው ይምጡ» አሉኝ። ቅር እያለኝ ሄድሁ። ነገር ግን ያ ቃል የሕክምናው ሁሉ መጀመሪያ ነበር።

በማግሥቱ ከጧቱ 12 ሰዓት ደረስሁ። ልጁ በመጨረሻ ገዝቶት የነበረውን ቤንዚን ጠርሙሱ ግማሽ ሆኖ ከቤት ስላገኘሁት፥ ለክሴ ምስክር ይሆነኛል ብዬ ይዤው መጣሁ። በሞተሩ መቀመጫ ላይ ውርጭ ነበረ። ሽማግሌው ካቻቢቴም ቍልፍም አላነሡም፤ አስቀድመው ጠየቁኝ። «መቼ ጀመረው?» አሉኝ፤ «በኅዳር» አልሁ። «ሳይጀምረው በፊት ምን ተነካ?» አሉኝ። ያለ ማመንታት «ምንም አልተነካም» አልኋቸው። እርሳቸውም ትከሻቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ።

ከዚያም እንዲህ አሉኝ። «ሞተር እንዲነሣ የሚሻው ሦስት ነገር ነው። የሚነድድ፥ ማለት ቤንዚንና አየር በልኩ ተቀላቅሎ፤ የሚያነድድ፥ ማለት የካንዴላ እሳት በሰዓቱ፤ ሦስተኛም የሚያፍን፥ ማለት ፒስተኑ የተቀላቀለውን አፍኖ ሲጨምቀው የሚያሾልክ ቀዳዳ አለመኖሩ። ከሦስቱ የጎደለው የትኛው እንደ ሆነ ሳናውቅ ምንም ነገር አንለውጥም፤ ስንለውጥም አንድ ነገር ብቻ ነው።»

ይህን ስሰማ ቅኔ ቤት ትዝ አለኝ። የተማሪ ቅኔ ሲያነክስ መምህሩ ቅደደው አይሉትም፤ ከመጀመሪያው እንዲለው አድርገው፥ ያነከሰችው ቃል ላይ ሲደርስ ያስቆሙታል። ተማሪው ሦስት ቃል በአንድ ጊዜ ለውጦ ቢያቃናው፥ ቅኔው ይቃናለት ይሆናል፥ ያነከሰችው ግን የትኛዋ እንደ ነበረች ሳያውቅ ይቀራል፤ ነገም እርስዋኑ መልሶ ያስገባታል። ይህን ሕግ ለስንቱ ተማሪ እየነገርሁ በገዛ ሞተሬ ላይ ግን ረሳሁት፤ ስለ ሰውም ሆነ ስለ ብረት ሕጉ አንድ እንደ ሆነ አላሰብሁም ነበር።

መጀመሪያ ቤንዚኑን መረመሩ። ከካርቡራቶሩ በታች ያለውን ትንሽ ጽዋ አፍስሰው በንጹሕ የሻይ ብርጭቆ ተቀበሉና ወደ ብርሃን አነሡት። ውኃ ቢኖርበት ከበታች ተለይቶ እንደ ዶቃ ይቀመጥ ነበር፤ አልነበረም። ከዚያም እኔ ከያዝሁት ጠርሙስ ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አንጠበጠቡ። ነጭ ጋዝ ቢኖርበት ወረቀቱ ላይ ሳይደርቅ የሚቈይ የቅባት እድፍ ይተው ነበር። ወረቀቱን ጥቂት ይዘን ብንቆይ ደረቀ፤ እድፍም አልታየበትም። አሽተው፥ ለእኔም አሸቱኝና «ይህ ንጹሕ ቤንዚን ነው፤ ማን ነው የገዛው?» አሉኝ። እኔም መልስ አልሰጠሁም። ልጁ «ያሽቱት፥ ይዩት» ያለኝ ነገር ይኸው ነበር፤ ሥራውም ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ሁለተኛ ካንዴላውን ነቀሉ። ጫፉ ጥቍር ጥላሸት ለብሶ ትንሽ ርሶ ነበር። «ቡናማ ቢሆን ደኅና ነው፤ ነጭ ቢሆን ቤንዚን አንሶታል፤ እንዲህ ጥቍር ሲሆን በዝቶበታል» አሉኝ። መብዛቱም አንድም በእኔ ጥፋት ነው፤ ቾኩን ስቤ፥ ደግሞ ጋዙን እየከፈትሁ ደጋግሜ ስረግጥ ካንዴላውን በቤንዚን አርሼዋለሁና። አንድም በአገሩ ከፍታ ነው፤ በደብረ ብርሃን ያለው አየር እፍጋቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚሆን፥ ለቈላ የተስተካከለ ካርቡራቶር በደጋ ላይ ለአየሩ መጠን ቤንዚን ያበዛል። ከዚህ በኋላ ካንዴላውን አድርቀው በገመዱ ላይ ሰኩት፤ ቤንዚን ከሚተንበት ቀዳዳ አርቀውም ብረቱን ከሞተሩ ገላ ጋራ አስነኩና ፔዳሉን ረገጡ። ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። የጫፎቹም ርቀት ቢለካ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ልኩ ነው። ስለዚህ እሳቱ ነፃ ወጣ።

ሦስተኛ ስለ ካርቡራቶሩ ጠየቁኝ። «ከሞቀ በኋላ ቾኩን ስትመልሱት ይጠፋል?» አሉኝ። «አይጠፋም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ በሚኒሞ ላይ ጸጥ ብሎ ይቆማል» አልኋቸው። «እንግዲያስ ለሚኒሞ ቤንዚን የምታመጣው ጠባብ ቀዳዳ አልተደፈነችም። እርስዋ ብትደፈን ኖሮ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ያለ ቾክ መቆም ያቅተው ነበር» አሉ። ለብዙ ወር ሳይነዳ የቆመ ሞተር ሲሆን ግን አስቀድመው የሚጠረጥሩት ይህችኑ ቀዳዳ እንደ ሆነ ነገሩኝ፤ ቤንዚን ሲሰነብት እንደ ሙጫ ይሆናልና። ካርቡራቶሩ ከሞተሩ ጋራ የተጋጠመበትንም ስፍራ በጣታቸው ዳሰሱ። በዚያ ስንጥቅ ቢኖር ያልተለካ አየር ይገባል፤ ሚኒሞውም ከሞቀ በኋላም ከፍ ዝቅ ይላል። ስንጥቅ አልነበረም።

አራተኛ ካንዴላውን መልሰው አሰሩና «የኔታ፥ እጅዎን ያምጡ» አሉኝ። ፔዳሉን በእግሬ ሳይሆን በእጄ ቀስ አድርጌ እንድጫነው አደረጉ። ደኅና ሞተር ቢሆን በአንድ ስፍራ ላይ ደርሶ እንደ ጠገበ በሬ እምቢ ይል ነበር። ይህ ግን እንደ ጭቃ ለሰለሰልኝ። «አሁን ጆሮዎን ወደ ማርሚታው» አሉኝ። ተንበርክኬ ሰማሁ፤ ፔዳሉ ሲወርድ ከማርሚታው ውስጥ «እስስ» የምትል ቀጭን ትንፋሽ ትወጣለች። ሽማግሌውም አስረዱኝ። ትንፋሹ በካርቡራቶሩ በኩል ቢሰማ የመግቢያው ቫልቭ ነው፤ በዘይት መሙያው በኩል ቢሰማ የፒስተኑ ቀለበቶች ናቸው፤ በማርሚታው በኩል ከተሰማ የመውጫው ቫልቭ አልተዘጋም። ለማረጋገጥም ካንዴላውን ነቅለው በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አፈሰሱና መልሰው ዘጉት። ጥፋቱ የቀለበቶቹ ቢሆን ዘይቱ ክፍተታቸውን ሞልቶ ፔዳሉ ይጠነክር ነበር። አልጠነከረም።

ያን ጊዜ የቫልቮቹን ክዳን ከፈቱ። ሞተሩን በእጅ አዙረው፥ ፒስተኑ አፍኖ ወደ ላይ ጫፍ በደረሰበት ምልክት ላይ አቆሙት። እንደ ቅጠል የሳሳ የብረት መለኪያ አወጡ። በዚህ ሞተር ላይ ክፍተቱ በብርድ ሲለካ 0.08 ሚሊ ሜትር፥ ማለት እንደ አንዲት ጠጕር ውፍረት ነው። ቅጠሉ አልገባም። ከእርሱ የሳሳውን ሞከሩ፤ እርሱም አልገባም። «ቫልቩን አንቀው ይዘውታል» አሉ። «ብርድ ሲሆን ክፍተት የለውምና መቀመጫው ላይ አይደርስም፥ አፉን እንደ ከፈተ ይቀራል፥ የታፈነው ሁሉ ይሾልካል። ሞተሩ ሲሞቅ ሲሊንደሩ ከዘንጎቹ ይልቅ ይረዝማል፤ ያን ጊዜ ጥቂት ክፍተት ይገኝና ቫልቩ ይዘጋል። ጧት ታምሞ ቀን የሚድነው ስለዚህ ነው። ደግሞ ቫልቩ ሙቀቱን የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነውና፥ በዚህ ሁኔታ ብዙ ቢቈይ ይቃጠል ነበር።» ቀጥለውም ቀና ብለው አዩኝና «በል እንግዲህ የኔታ፥ ይህን ማን ነካው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በመስከረም፥ ለዐዲሱ ዓመት ሞተሩን ሳስጠርግ፥ ያ «ጠቅ ጠቅ» የሚለው ድምፅ አስከፋኝ። በሰው ደጃፍ ሳልፍ ያረጀ ዕቃ የያዝሁ ያስመስለኛል አልሁ። በመንደራችን ላለ አንድ መካኒክ ሰጠሁና «ይህን ድምፅ ዝም አሰኝልኝ» አልሁት። ሰውየው «ይህ ድምፅ ጕዳት የለውም» ቢለኝ እኔ አልሰማ ብዬ አስገደድሁት፤ እርሱም ክፍተቱን ደፈነልኝ። የእኅቴ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፥ የዚህ ሞተር ድምፁ እንዲህ ነው፤ ይተዉት» አለኝ። «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ? ዝም በል!» አልሁት። ሞተሩም ዝም አለ፤ ልጁም ዝም አለ። እኔም በሁለቱ ዝምታ ደስ ብሎኝ ሰነበትሁ። መስከረምና ጥቅምት ብርዱ ስላልጠነከረ ሕመሙ ተሰውሮ ቈየ፤ ኅዳር ሲገባ ወጣ። «ምንም አልተነካም» ያልሁት ሆን ብዬ ልዋሽ አይደለም፤ ያስነካሁት እኔ ስለ ነበርሁ ከተነኩት ነገሮች ውስጥ አልቈጠርሁትም ነበር።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ነገርኋቸው፤ የልጁንም ነገር አልደበቅሁም። እርሳቸው አልነቀፉኝም። የማጥበቂያውን ብሎን አላልተው፥ ቅጠሉ በቀላል እጅ እየተሳበ እስኪገባ ድረስ ክፍተቱን መልሰው አበጁ፤ ብሎኑን ካጠበቁ በኋላም ደግመው ለኩ፤ ሲያጠብቁት ልኩ ይሸሻልና። የሁለተኛውንም ቫልቭ እንዲሁ አደረጉ። ሌላ ምንም አልለወጡም። ከዚያም «ይርገጡት» አሉኝ። በመጀመሪያው ርግጫ ዘይቱን አጨሰ፤ በሁለተኛው ተነሣ። ውርጩ ገና ከመቀመጫው አልቀለጠም ነበር። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» አለ። ሽማግሌው እጃቸውን እየጠረጉ «እንግዲህ የኔታ፥ ይህ ሞተር እንዲህ ሲል አይስጉ፤ ዝም ሲል ይስጉ» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ወደ እኅቴ ቤት ሄድሁ። ታኅሣሥ ስለ ነበረ ሰዉ ሁሉ በአውድማ ላይ ነው፤ ልጁም ከአጎቶቹ ጋራ ገብስ ይወቃ ነበር። ሲያየኝ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ዓይኑን ግን ከምድር አላነሣም። በልቤ ወደ ጓሮ ጠርቼ ለብቻው ልነግረው ፈለግሁ። ነገር ግን የሰደብሁት በሰው ፊት ነውና ለብቻው ብክሰው ካሡ አይሞላም ብዬ፥ በአውድማው ላይ ባሉት ሰዎች ፊት «ልጄ፥ ሌባ ያልሁህ በሐሰት ነው። ቤንዚኑ ንጹሕ ነበር፤ ሞተሩን ያሳመምሁት እኔ ነኝ፤ ድምፁን ተዉት ብለህ የነገርኸኝም እውነት ነበር። ይቅር በለኝ» አልሁት። አንድ ሽማግሌ «ለልጅ እንዲህ ይባላልን?» ብለው አጉረመረሙ። ልጁ ምንም አልመለሰም። መንሹን አስቀምጦ፥ ለብቻው ቆሞ ጥቂት ወደ ተራራው ተመለከተ፤ ከዚያም ወደ ሥራው ተመለሰ። እኅቴ ቡና አፍልታ እስክንጠጣ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ።

ልሄድ ስነሣ ልጁ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። በነፋሱ ብረቱ ቀዝቅዞ ነበር። ሳይጠይቀኝ ፔዳሉን በእጁ ተጫነ፤ እምቢ ሲለው ፊቱ ጥቂት ፈታ አለ። ከዚያም ረገጠና ተነሣ። አጎንብሶ ጥቂት አዳመጠና «ጋሼ፥ ድምፁ ተመልሷል» አለኝ። ከዚህ የበለጠ አልተናገረም። አብሮኝም አልመጣም፤ ወቂያው ካለቀ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ራሱ መጣ። በዚህ ምክንያት ከትምህርቱ አንድ ወር ያህል ጎደለበትና በዚያ ዓመት ከክፍሉ የነበረውን ደረጃ አጣ። ይቅርታ ያንን አልመለሰለትም። ይህንም የምጽፈው የሞተሩ መዳን የበደሉን ዋጋ የከፈለ እንዳይመስል ነው።

እንግዲህ አሮጌ ሞተር ላለው ሰው የምመክረው ጥቂት ነው። ጧት የሚታመም ሞተርህን ጧት መርምረው፤ ሞቆ ሳለ ብትመረምረው ይዋሽሃል። ቤንዚኑን፥ እሳቱን፥ አፈናውን በተራ እይ፤ አንዱ ነፃ ሳይወጣ ወደ ሌላው አትለፍ። አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፥ ከዚያም ፈትነው። ከሁሉም በፊት «ሳይታመም በፊት ምን ተነካ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ፤ ስትመልስም የገዛ እጅህን ከቍጥር አታውጣ። እኔም ዛሬ ከመርገጤ በፊት ፔዳሉን በእጄ አንድ ጊዜ ቀስ ብዬ እጫነዋለሁ። ከተነሣም በኋላ ሳልሄድ ቆሜ ያን «ጠቅ ጠቅ» አዳምጣለሁ፤ በየቀኑ የማዳመጠው ሞተሩን ብቻ አይደለም፤ ዝም በል ያልሁትን ልጅም ነው።